ሃያ አራት መጻሕፍትና የአባቴ ዳዊት

ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ማታ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ችቦው በርቶ አልቋል። ልጄ ተኝቷል። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ አዲስ ባለ 50 ሉክ ደብተር ፊቴ ዘርግቻለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ «24» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ «በ2012 የማነባቸው መጻሕፍት» አልኩ።

ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ስቆጥር ነው የምውለው፤ ክኒን፣ ብልቃጥ፣ ብር። እናም ቆጠርኩ። አንድ መጽሐፍ በአማካይ 300 ገጽ ቢሆን 24ቱ 7,200 ገጽ ናቸው። ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን ወደ 20 ገጽ ይደርሳል። አንድ ገጽ ሁለት ደቂቃ ቢወስድብኝ 40 ደቂቃ ነው። በቀን 40 ደቂቃ እንዴት ይጠፋል? በስልኬ ላይ የማሳልፈውን ጊዜ አውቀዋለሁ፤ ከዚያ ይበልጣል።

የዚያን ምሽት ደስታ አልረሳውም። ከልጅነቴ ጋር የታረቅኩ መስሎኝ ነበር።

ልጅ ሆኜ አንባቢ ነበርኩ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ሆኜ ነው የተማርኩት። ያኔ ከተማው ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራይ አንድ ሰው ነበር፤ ጋሼ ነበር የምንለው። መጻሕፍቱን ማዳበሪያ ላይ ይዘረጋቸዋል። ኪራዩ በቀን ሃምሳ ሳንቲም ነው። ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ የመጨረሻ ገጻቸው የጠፋ ብዙ ነበሩ። አንድ ቀን ካሳደርኩት ሌላ ሃምሳ ሳንቲም ይጨመርብኛል። ስለዚህ ማታውን አነበዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ሻማ፣ ሻማው ሲያልቅ ደግሞ በር ላይ በጨረቃ። ስለ ዕቅድም ሆነ ስለ ግብ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሃምሳ ሳንቲሟ ትበቃኝ ነበር።

ወደ 2012 ልመለስ። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሬ ላይ የተጻፉት ሰባት መጻሕፍት ናቸው። መጋቢት ላይ ኮሮና አገራችን ገባ። መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሰው ያ ጊዜ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ጭምብል ፈላጊው፣ ሳኒታይዘር ፈላጊው፣ በር ላይ ያለው ሰልፍ። ማታ ቤቴ ስገባ ፊደል አይታየኝም ነበር። ያም ሆኖ ሁሉንም በኮሮና ላይ ማሳበብ አልፈልግም። የካቲት መጨረሻ ላይ 12 መጽሐፍ መጨረስ ሲገባኝ አምስት ላይ ነበርኩ። ወረርሽኙ ሳይመጣም ወደ ኋላ ቀርቻለሁ። ጥር ላይ ሳምንቱን ሙሉ ሳላነብ እቆይና እሑድ ቀን 140 ገጽ ልጨርስ እቀመጣለሁ። 140 ገጽ በአንድ እሑድ! ልብሱ አልታጠበ፣ ልጁ ጥናት አለበት፣ ሐዘን ቤት መድረስ አለ። ንባቡ ዕዳ ሆነብኝ። ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ አበዳሪውን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። እኔም መደርደሪያውን ማየት ጠላሁ።

በ2013 ግን 24ቱን ጨረስኩ። የመጨረሻውን የዘጋሁት ጳጉሜን 4 ቀን ነው። በማግስቱ ሥራ ቦታ ለአንዷ ጓደኛዬ በኩራት ነገርኳት። እሷም ከልቧ ደስ ብሏት «የቱን ወደድሽው?» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

ማታ ቤት ገብቼ ዝርዝሩን አየሁት። 24 ርዕስ አለ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ውስጥ ያለ አንድ ሰው እንኳ ትዝ አይለኝም። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያኔ ነው። ዓመቱን ሙሉ መጽሐፍ ስመርጥ የምመርጠው በውፍረቱ ነበር። ሰኔ ላይ ስምንት መጽሐፍ ሲቀረኝ 90 ገጽ፣ 110 ገጽ ያላቸውን እየፈለግኩ አነሳሁ። ቀጭን መጽሐፍ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ በ60 ገጽ ሰውን የሚለውጥ ጸሐፊ አለ። እኔ ግን የመረጥኳቸው ቶሎ ስለሚያልቁ ብቻ ነው። ለዓመታት ላነባቸው የምመኛቸው ትልልቆቹ መደርደሪያው ላይ አቧራ ጠጡ። ቁጥሩ ሊያስነብበኝ መጥቶ ከመጽሐፍ አራቀኝ።

ይህን የምጽፈው ቁጥር የያዘ ሰው ሁሉ ተሳስቷል ለማለት አይደለም። ጉድሪድስ በሚባለው የአንባቢዎች ድረ ገጽ ላይ ሰዎች በየዓመቱ መቶም ሃምሳም ብለው ይይዛሉ፤ ብዙዎቹም ይጨርሳሉ፤ አደንቃቸዋለሁ። እኔን ግን አልሆነኝም።

የ2014 መስቀል ሰኞ ቀን ዋለ። በዓሉን ከአባቴ ጋር ለማሳለፍ ከጫጫ ወጣ ብሎ ወዳለው ቤታችን ሄድኩ። ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኗል። በጠዋት ስነሳ አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ ዳዊቱን ይደግማል። ይህ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ እንደ ዶሮ ጩኸት፣ እንደ ውኃ ድምፅ ልብ ብዬው አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ልቤም የቆጠራ ነገር ላይ ነው። ሲጨርስ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ዳዊቱን እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ጨረሱት?»

ዳዊቱን በማኅደሩ እየከተተ አየኝ። ጥያቄው አልገባውም።

«ምን ማለትሽ ነው? ዳዊት ይደገማል እንጂ ይጨረሳል?»

እውነቱን ነው። ዳዊት አነበበ አንልም፤ ዳዊት ደገመ ነው የምንለው። ቃሉን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ ቆሜ አድምጬው ግን አላውቅም።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አስነገርኩት። ሰኞ ከ1 እስከ 30። ማክሰኞ ከ31 እስከ 60። ረቡዕ ከ61 እስከ 80። ሐሙስ ከ81 እስከ 110። ዓርብ ከ111 እስከ 130። ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መሓልየ መሓልይ። ሰኞ ደግሞ እንደገና ከ1። 150ው መዝሙር በየሳምንቱ ይዞራል ማለት ነው። አባቴ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል ከቆጠረ፣ ዳዊት ከደገመ፣ ወላጆቹ ደግሰው ከመረቁት ጀምሮ ይኸው ነው ሥራው። ከልማዴ የተነሳ 52ን በዓመቱ ላባዛው አሰብኩና ተውኩት።

«ታመው አንድ ቀን ቢያልፍዎትስ? ማክሰኞ የሰኞውን ደርበው ይደግማሉ?»

«ማክሰኞ የማክሰኞው አለ። ሰኞ በሰኞው ይመጣል» አለኝ።

ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ በታክሲው መስኮት ሜዳውን እያየሁ የማስበው ይህንን ነበር። እኛ አገር የዓመት ንባብ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ስንክሳር የሚባለው መጽሐፍ መስከረም 1 ቀን ተጀምሮ በየቀኑ እየተነበበ ጳጉሜን ላይ ያልቃል። ዓመቱን የሚያክል መጽሐፍ ነው። የምኖርባትን ከተማ የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው ደራሲ ነበሩ፤ መጽሐፈ ብርሃን ስማቸውን ይዞ በ15ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ ነው። እንዲህ ባለ አገር ተወልጄ ስለ ንባብ ግብ ሳስብ የመጣልኝ የካልኩሌተር ሒሳብ ብቻ መሆኑ አሳዘነኝ።

አባቴ ስንት ሊያነብ እንዳቀደ አያውቅም። መቼና የት እንደሚያነብ ግን ያውቃል። ጠዋት፣ መደቡ ላይ፣ ከቁርስ በፊት።

ማታውን «24»ን ሰረዝኩት። በምትኩ «11 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ሌሊት 11 ሰዓት፣ ቤቱ ገና ሳይነቃ።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከብርድ ልብስ መውጣት ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት አቃተኝ። ከዚያ ነገሩን ማታ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ሻዩን በፔርሙስ አሳድራለሁ። ጋቢው ወንበሩ ላይ ይንጠለጠላል። መጽሐፉ የቆምኩበት ገጽ ላይ ተገልጦ ጠረጴዛው ላይ ያድራል። ስልኩ ሌላ ክፍል ቻርጅ ይደረጋል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ። ስልኩ አጠገቤ ካለ መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነው፤ እሱን ካነሳሁ ደግሞ ንጋቱ አለቀ። መብራት ከጠፋ ሻማ አለ። በመጀመሪያ አንድ ሰዓት ብዬ ነበር፤ በዛብኝ። ግማሽ ሰዓት አደረግኩት። በግማሽ ሰዓት አንዳንዴ 15 ገጽ፣ አንዳንዴ አራት ገጽ አነባለሁ። አንድ ቀን ቢያልፈኝ በማግስቱ አልደርብም። ማክሰኞ የማክሰኞው አለ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጦርነቱ ወደ እኛ ተጠጋ። ከተማው ከቤቱ በተፈናቀለ ሰው ተሞላ። ቤታችን ሰው አስጠጋን። 11 ሰዓት ላይ የምነሣው እንጀራ ለመጋገር ነበር። ሳምንታት አለፉ፤ አንድ ገጽ አላነበብኩም። ደብተሬ ላይ የዚያ ወር ገጽ ባዶ ነው። በኋላ ልሞላው አልሞከርኩም። ባዶውን ተውኩት፤ ያኔ የነበርነውን ሳይ ትክክለኛው ጽሑፍ እሱ ይመስለኛል።

ጥር ላይ ወንበሩ ጋ ተመለስኩ። ጋቢው እዚያው ነበር።

በ2015 ጥቅምት ላይ ለዓመታት የሸሸሁትን መጽሐፍ አነሳሁ፤ የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ»። ዳኛቸው የደብረ ሲና ልጅ ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1962 ሲሆን ታሪኩም የእኛኑ አገር፣ የደብረ ሲናን አካባቢ የያዘ ነው። የአገሬ ሰው ስለ አገሬ የጻፈውን ሳላነብ 30 ዓመት አለፈኝ። ምክንያቱም «ከባድ ነው» ሲባል ሰምቻለሁ። ከባድ ነው ደግሞ። ሰዎቹ ይከራከራሉ፣ ይተርታሉ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ያነሳዋል። አንዳንድ ቀን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ገጽ ብቻ ነው የምሄደው። በ2013 ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ቀን እዘጋው ነበር፤ በእሱ ፋንታ ደብተሬ ላይ አራት ቀጫጭን መጽሐፍ ይጻፋልና። አሁን ግን የሚያጣድፈኝ የለም። 11 ሰዓት ላይ ቁጭ እላለሁ፤ የገፋሁትን ያህል እገፋለሁ። ጮክ ብዬ ሳነበው ይቀለኛል። ይህን ያገኘሁት በራሴ ነው። በዓይን ስሄድበት የጠፋብኝ ንግግር በጆሮዬ ስሰማው የአክስቴ ንግግር ሆኖ ይመጣል።

ኅዳር ላይ ለአንዲት የሥራ ባልደረባችን ሠርግ ወደ ደብረ ሲና ወረድን። መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። መኪናው ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ሲገባ ፊደሉ ጠፋኝና ጣቴን ገጹ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ዋሻው ግማሽ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስንወጣ ያ ሁሉ ገደል፣ ያ ሁሉ ቆላ ከፊቴ ተዘረጋ። ጣቴ አሁንም መስመሩ ላይ ነው። ያነበብኩት አገርና ያየሁት አገር አንድ ሆኑብኝ። እንባዬ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ምነው ልጄ፣ መንገዱ አዞረሽ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ገዝተው ሰጡኝ።

ያንን መጽሐፍ የጨረስኩት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ዓመት በጠቅላላ 11 መጽሐፍ አነበብኩ። 11ዱንም ዛሬ አንድ በአንድ ልነግራችሁ እችላለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ዋጋው። መጽሐፍ ተወዷል። የአንድ ልብ ወለድ ዋጋ ከቤት አስቤዛ ጋር የሚጋፋበት ጊዜ ላይ ነን። «ሰው ማንበብ ትቷል» ሲባል እሰማለሁ፤ መጽሐፍ ይዞ ዋጋውን አይቶ መልሶ የሚያስቀምጠውን ሰው ማን ይቆጥረዋል? እኛ ያገኘነው መላ ዕቁብ ነው። አምስት ሴቶች ነን። ሁለቱ ነርሶች ናቸው፤ አንዷ መምህርት፤ አንዷ ሱቅ አላት፤ እና እኔ። በወር ሁለት ሁለት መቶ ብር እናወጣለን። ዕጣ የደረሳት በሺሁ ብር የፈለገችውን ትገዛለች። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ለሥራም ለሕክምናም የሚሄድ ሰው አይጠፋም፤ ዝርዝር አስይዘን አራት ኪሎ እንልካለን። አንዳንዴ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡት ዘንድ በአንዱ ዋጋ ሦስት ይመጣል። መጻሕፍቱ በአምስታችን እጅ ይዞሩና ለገዛችው ይመለሳሉ።

የምንገናኘው በወር አንድ እሑድ፣ ቡና ላይ ነው። አቦሉ ላይ የቤት ወሬ ይወራል። ቶናው ላይ መጽሐፉ ይነሳል። በረካው ላይ ክርክር ነው። አንድ ሕግ አለን፤ ያልጨረሰች አትወቀስም፤ ግን የት ገጽ ላይ እንደቆመችና ለምን እንደቆመች መናገር አለባት። ብዙ ጊዜ ጥሩው ጨዋታ የሚመጣው ካልጨረሰችው ነው። ባለ ሱቋ አንዴ «ገጽ 83 ላይ ሰውየው ሚስቱን ሲመታ ዘጋሁት፤ ቤቴ እያለ ለምን መጽሐፍ ላይ ላንብበው?» አለች። ሁላችንም ስኒያችንን አስቀመጥን። የዚያን ቀን ስለ መጽሐፉ አላወራንም፤ ስለ እሷ አወራን። አሁን ደህና ናት። ከእኛ ሁሉ በላይ የምታነበውም እሷ ናት፤ ሱቋ ውስጥ፣ ደንበኛ እስኪመጣ።

በ2015 ነሐሴ ላይ በክልላችን ኢንተርኔት ተቋረጠ። ስልኩ ዝም አለ። መንገዱም ጸጥ ያለበት ጊዜ ነበር። ሰዎች «እንግዲህ ለአንባቢ ተመቸ» ይሉኝ ነበር። በእርግጥ ብዙ አነበብኩ። ግን በፍርሃት ማንበብና በሰላም ማንበብ አንድ አይደለም። ገጹን እገልጣለሁ፤ ጆሮዬ ደጅ ነው። የዘመድ ድምፅ ሳይሰሙ ውሎ ማደር ልብን ይበላል። ለልጄም ጮክ ብዬ አነብለት ነበር፤ እሱም ደጅ ያለውን እንዳይሰማ፣ እኔም እንዳልሰማ። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆነች። ስድስተኛዋ ቀን ላይ አራት ዓመት ሙሉ የያዝኩትን ደብተር ከፈትኩ። ያ «24» ከነስርዙ እዚያው አለ። በአዲስ ዓመት ምን ልጻፍ ብዬ ብዙ አሰብኩ። «11 ሰዓት፣ ሰላም ከሆነ» ብዬ ጻፍኩ።

ልጄ አሁን 13 ዓመቱ ነው። ባለፈው መስከረም የራሱን ደብተር አምጥቶ «አምስት መጽሐፍ» ብሎ ጻፈ። ቁጥር አትያዝ አላልኩትም። የራሱን ያግኝ።

አባቴን ባለፈው ዓመት ዓይኑን ሞራ ያዘው። ለቀዶ ሕክምና ተራ እየጠበቅን ነው። ዳዊቱን ይገልጠዋል፤ ፊደሉ ግን እንደ ጭጋግ ሆኖበታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቃሉ ይደግማል። ገጹን በልማዱ እየገለጠ፣ ሳያይ። የቅዳሜው ግን አንዳንድ ቦታ ይጠፋዋል። ስለዚህ ቅዳሜ በጠዋት የመጀመሪያውን ታክሲ ይዤ እሄዳለሁ። መደቡ ላይ አጠገቡ እቀመጥና እኔ አነብለታለሁ።

ቄስ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደሉን አውቀዋለሁ፤ የግእዙ ዜማ ግን ሌላ ነው፤ ቃል ሁሉ የራሱ አነባበብ አለው። ተነሽ አለ፣ ወዳቂ አለ፣ ሰያፍ አለ፣ ተጣይ አለ። እኔ ሁሉንም እንደ መድኃኒት ወረቀት እኩል አነበዋለሁ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኛል። ስሳሳት እጁን ጉልበቴ ላይ ያሳርፋል።

«ወዳቂ ነው እሱ። አታንሺው።»

እመለሳለሁ። እንደገና አነበዋለሁ።

«እንዲያ» ይለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ 143 ላይ ስንደርስ ልጄ ሻይ ይዞ ገባና ቆመ። አባቴ «ተቀመጥ» አለው። ተቀመጠ። 150 ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ መደቡ ላይ ወጥታ ነበር። ዳዊቱን በማኅደሩ ከተትኩት። ደብተሬን አወጣሁና «ቅዳሜ፣ ከ131 እስከ 150» ብዬ ጻፍኩ። ልጄ ትከሻዬ ላይ ተጠግቶ አየ።

«እሱ ይቆጠራል?» አለኝ።

አባቴ ሰምቶታል። «ነገ እሑድ ነው፤ ጸሎተ ነቢያት አለ» አለ። «እደሩ።»

አደርን።